ዓርባችንን የወሰደው መልእክት

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ ቤት አልተቃጠለበትም። በእኛ አገር ከዚህ የባሰውን ያየ ሰው ሞልቶ ሳለ «አካውንቴን ተሰረቅሁ» ብሎ ብዕር ማንሳት ቅንጦት ይመስለኛል። ለዶርም ጓደኞቼ ስነግራቸው ሁለቱ ሳቁ። ሦስተኛዋ ግን አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ አንድ መልእክት አሳየችኝና «ይሄኛውስ? ይሄም ሌባ ነው?» አለችኝ። ሌባ ነበር። ስለዚህ ቢያንስ ለእሷ ይጠቅማት ይሆናል ብዬ እጽፈዋለሁ።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሰቆጣ ላይ ቤት ተከራይቼ ነው የተማርኩት። እናቴ የምትኖረው ጋዝጊብላ ውስጥ፣ ስልክ ከማይሠራበት ቀበሌ ነው። ታላቅ እህቴ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዋ ስልኳን የምትሰጣት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት እናቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ዓርብ ዓርብ፣ አራት ሰዓት ያህል በእግሯ ተጉዛ እኔ ዘንድ ትመጣ ነበር። ገበያ በማይቆምበት ቀን ወደ ከተማ ስለምትወርድ የመንደሩ ሰው ይቀልድባት ነበር።

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ገበያው ከተበተነ በኋላ! ምን ልትሸጪ ነው?»

«የምሸጠው የለኝም፤ የምሰማው ነው ያለኝ» ትላቸዋለች።

ስልኩን ስሰጣት አፍንጫዋ ሥር ትይዘዋለች። እህቴ ከወዲያ ሆና «ኧረ ግንባርሽን ብቻ ነው የማየው!» ስትላት፣ «ግንባሬ ምን አለው? ሽበቴን እንዳታዪው ብዬ ነው» ትላለች። ከዚያ ሁለቱም በኽምጣኛ ወሬ ይጀምራሉ። ስለ ላሟ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ሞተውና ስለ ተወለደው ሁሉ ይወራል። እኔ የስልኩ ባለቤት ሆኜ ዳር እቀመጣለሁ። ለእናቴና ለእህቴ ከዚያች ስልክ ሌላ መገናኛ አልነበራቸውም። ይህን አውቅ ነበር። ስለማውቅም ስልኳን እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃት ነበር፤ እንዳትወድቅ፣ ውኃ እንዳይነካት፣ ሌባ ከኪሴ እንዳይወስዳት። ከኪሴ ሳትወጣ ልትሰረቅ እንደምትችል ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም መናገር አለብኝ። ቤታችን የሚነገረው ኽምጣኛ ነው። እህቴ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጠች፣ መልእክት ስትልክልኝ ኽምጣኛውን ፊደል በፊደል እየለቀመች ነው የምትጽፈው። እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ። ለምን እንደዚያ እንደማደርግ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ስለሚፈጥንልኝ ነው ብዬ ነው የማስበው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት፣ የልጃገረዶች በዓል የሻደይ ዋዜማ፣ ሐሙስ ቀን፣ አንድ መልእክት ደረሰኝ። ላኪዋ በየዓመቱ በአንድ ከበሮ የምንጫወት ጓደኛዬ ናት። የሻደይ ጓደኝነት ምን እንደሆነ የእኛ አገር ሴት ልጅ ታውቀዋለች። የአንገት ድሪ ያላት ለሌላት ታውሳለች፤ ቀሚስ ያጣች ቀሚስ ይገኝላታል። ከወገብሽ የታጠቅሽው የሻደይ ቅጠል ሲላላ ከኋላሽ ያለችው ታጠብቅልሻለች። «የለኝም» ወይም «ላስብበት» የሚባል መልስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በተለይ በዋዜማው።

መልእክቱ የሚጀምረው እሷ ሁልጊዜ በምትልክልኝ የኽምጣኛ ሰላምታ ነበር። ቀጥሎ በአማርኛ፣ ለሻደይ የአለባበስ ውድድር መግባቷን፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀን መሆኑን፣ ሦስት ድምፅ ብቻ እንደቀራት ይናገራል። «ሊንኩን ንኪው፤ ስልክ ቁጥርሽን አስገቢ፤ የሚመጣልሽን ቁጥር ጻፊ። እባክሽ እንዳታሳፍሪኝ» ይላል።

ሰላምታውን እንዳየሁ ነገሩ አለቀልኝ። ኽምጣኛ የሚጽፍ ሰው ሌባ ይሆናል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ስንት ሰው ነው ያንን ቋንቋ የሚችለው? ሌባ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ። ሊንኩን ነካሁት። አንዲት ሻደይ የታጠቀች ልጅ ፎቶና «ድምፅ ይስጡ» የሚል ቁልፍ ወጣ። ቁጥሬን አስገባሁ። ወዲያው አምስት አኃዝ ያለው መልእክት ደረሰኝ። ከሥሩ «ይህን ቁጥር ለማንም አትስጡ» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አነበብኩት፤ ገባኝም። እንግሊዝኛ ጥሩ ነበርኩ። ነገር ግን ለራሴ «ለማንም እየሰጠሁ አይደለም፤ ድምፅ መስጫው ላይ ነው የምጽፈው» አልኩና ጻፍኩት። ቀጥሎም «ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ እንደምታሸንፊ አልጠራጠርም!» ብዬ ላኩላት። ምስጋናዋን እየጠበቅሁ ሳለ የመልእክት አካውንቴ ተዘግቶ ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰኝ።

መጀመሪያ የኔትወርክ ችግር መሰለኝ። እንደገና ልገባ ስል የማላውቀው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ሮጬ ስልክ ወደሚጠግን ሰው ሱቅ ሄድኩ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ስልኩን ተቀበለኝ።

«ቁጥር ተቀብለሽ ለሰው ሰጠሽ?»

«ለሰው አልሰጠሁም፣ ጋሼ። ለውድድር ነው።»

«እሱ ነው። ሁለተኛ የይለፍ ቃል ነበረሽ?»

«የምን ሁለተኛ?»

ሳቀ፤ ግን በክፋት አልነበረም። «ቁልፉ ያንቺ ነው፤ እሱ ግን ከውስጥ መቀርቀሪያ አድርጎበታል። ቀድመሽ አንቺ አድርገሽው ቢሆን ቁጥሩን እንኳ ብትሰጪው አይገባም ነበር። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሰው ግን ካልተሰረቀ አይሰማም።»

«አሁንስ ምን ላድርግ?»

«አሁን አካውንቱን ተይው፤ ሰዎቹን አድኚ። በስምሽ ገንዘብ ይለምናል። ለምታውቂያቸው ሁሉ ዛሬውኑ ንገሪ። ደውይ፤ በር አንኳኪ። ያቺ ጓደኛሽም ተሰርቃለች ማለት ነው፤ መጀመሪያ ለእሷ ንገሪያት።»

ዓርብ ጠዋት፣ ልጆቹ ቅጠላቸውን እየታጠቁ ሳለ፣ ጓደኛዬን ከከበሮው ራቅ አድርጌ ወሰድኳት።

«ስሚ፤ አካውንትሽን ሌባ ይዞታል።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። ያዋስኳትን ድሪዬን ታስተካክል ነበር።

«ታውቂያለሽ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ።»

«ሰኞ! እኔ እኮ ትናንት ነው የተወሰድኩት! ሐሙስ!»

እጄን ያዘችኝ። «ቀስ በይ፣ በእግዜር! አፍሬ ነው። ከእኛ ውስጥ ማንንም ያገኛል አላልኩም። ለልጆቹ እንዳትነግሪ፤ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚዘፍኑብኝ።»

ሦስት ቀን ሙሉ አይታኛለች። ማክሰኞ አብረን ከበሮ ስንወጥር ነበር። ረቡዕ ቤቴ መጥታ ቀሚሴን ለክታለች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትነግረኝ ይበቃ ነበር። ዛሬም ድረስ፣ ከሌባው ይልቅ ያ ረቡዕ ነው የሚያንገበግበኝ። ሌባውን አላውቀውም፤ እኔንም አያውቀኝም። እሷ ግን በቀሚሴ ውስጥ ቆማ «አያምርብኝም?» እያለችኝ ነበር።

እንደዚያ ተናድጄ ሳለ እኔም ያንኑ አደረግሁ። አከራዬ አንዲት ልጅ አለቻት፤ እህቴ ካለችበት ከተማ ነው የምትሠራው፣ ይተዋወቃሉ። እህቴ ስልኳን ከማግኘቷ በፊት በልጅቷ በኩል ማስጠንቀቅ እችል ነበር። ግን አከራዬ አንድ ነገር ከሰማች እስከ ማታ ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። እኔ ደግሞ በግቢው ውስጥ ለሰው ሁሉ ደብዳቤ የማነብ፣ ቅጽ የምሞላ፣ «ጎበዟ ተማሪ» የምባል ልጅ ነበርኩ። ያ ዓርብ የእናቴ መምጫ አልነበረም። «ሌባው እህቴን የት ያውቃታል? በሚመጣው ዓርብ እነግራታለሁ» አልኩ። ከጓደኛዬ ኋላ ተሰልፌ፣ የላላውን ቅጠሏን አጥብቄላት፣ ስዘፍን ዋልኩ። ሌባው እህቴን ሲያናግራት የዋለው በዚያው ሰዓት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ሲም ካርድ አውጥቼ አዲስ አካውንት ከፈትኩ። ዓርብ ከሰዓት፣ እናቴ ከመድረሷ በፊት፣ ለእህቴ «እኔ ነኝ፤ አዲሱ ቁጥሬ ይሄ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። መልሱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጣ።

«ሌባ! በአዲስ ቁጥር እንደምትመጣ እህቴ አስቀድማ ነግራኛለች። እግዚአብሔር ይፍረድብህ።»

ከዚያ ዘጋችብኝ። ብጽፍ አይደርስ፤ ብደውል አይጠራ። ሌባው ስሜንና ፎቶዬን መውሰዱ ብቻ ሳይሆን እውነቴንም ከእኔ ቀድሞ ተናግሮታል። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ የእናቴ ዱላ በሩን ሲነካ ሰማሁ።

«ልጄን አምጫት» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ኔትወርክ የለም፣ እማዬ።»

ይህን ውሸት ማንም የእኛ አገር ሰው አይጠረጥረውም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነውና። እናቴ እስከ አሥር ሰዓት ጠበቀች። ስልኩን አልፎ አልፎ አንስታ ታየውና ቀስ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ የተኛ ሕፃን እንዳትቀሰቅስ የምትጠነቀቅ ይመስል። ከዚያ «እንግዲህ በሚመጣው» ብላ ሄደች።

የሚመጣው የአዲስ ዓመት ማግስት ነበር። እንደገና «የለም» አልኳት። ልትጠብቅ ተቀመጠች። በዚህ መካከል አከራዬ ከበረንዳዋ ሆና ስትስቅ ተሰማ።

«ያቺ ማንን ነው የምታናግረው?» አለች እናቴ።

«እንጃ።»

«ኔትወርክ የለም አላልሽኝም?»

ተነሥታ ወጣች። ተከተልኳት። አከራዬ በስልክ ከልጇ ጋር በምስል እያወራች ነበር። እናቴን ስታያት «ነይ፣ እንኳን አደረሰሽ በያት!» ብላ ስልኩን አዞረችላት። ስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ጮኸች።

«እርስዎ ሆስፒታል አይደሉም እንዴ?»

«ማን ነው ሆስፒታል ያለው?» አለች እናቴ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ልጅዎ እኮ ታለቅሳለች፤ ገና ዛሬ ነው የነገረችኝ። ለእናትሽ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል ተብላ፣ ወደ አገሯ መመለሻ ያጠራቀመችውን ሁሉ ልካለች።»

እናቴ ሆዷን ዳበስ አደረገች። «እኔ? ዛሬ ከጋዝጊብላ በእግሬ የመጣሁት እኔ ነኝ የተቀደድኩት?»

አከራዬ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው። «አንቺ ልጅ፤ ምንድን ነው የምታውቂው?»

ሁሉንም ተናገርኩ። ቁጥሩን፣ ውድድሩን፣ ስዘፍን የዋልኩበትን ዓርብ፣ ሁለቱን ውሸቶች። አከራዬ «እኔ አንድ ግድግዳ አጠገብሽ ሳለሁ!» እያለች ደረቷን ትመታ ነበር። እናቴ ግን አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካከለችና እንዲህ አለችኝ።

«ያን ሌባ አላውቀውም፤ አልቀየመውም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ።»

የአከራዬ ልጅ ብልህ ናት። «ብነግራት አታምነኝም፤ እኔንም ሌባ ነው የምትለኝ። የእናቷን ድምፅ ቅዱልኝና ልላክላት» አለች። እናቴ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ይዛ በኽምጣኛ ጀመረች። እንዳልታመመች፣ ማንም እንዳልቀደዳት፣ ገብሱ ማሸቱን፣ ላሟ አጥር ጥሳ የጎረቤት ማሳ መግባቷን፣ ጎረቤትየውም ምን ብሎ እንደተሳደበ። ስለ ስድቡ ስትናገር ተናዳ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እህቴ በአከራዬ ስልክ ደወለች። ለብዙ ደቂቃ ማልቀስ ብቻ ነበር።

በኋላ እናቴ «እንዴት አላወቅሽም ታዲያ?» አለቻት። እኔ ከእናቴ ትከሻ ጀርባ ቆሜያለሁ።

«እንዴት ልወቅ? ድምፅሽን ላኪ አልኳት፤ የስልኬ ማይክ ተበላሽቷል አለችኝ። በኽምጣኛ ጻፍኩላት፤ በአማርኛ መለሰችልኝ።»

«አማርኛውን ስታዪ አልጠረጠርሽም?»

«እሷ መቼ ነው በኽምጣኛ መልሳልኝ የምታውቀው? ከተማረች ወዲህ ቋንቋችን ይጎረብጣታል። ሌባው ልክ እንደ እሷ ነው የጻፈው።»

እናቴ ስልኩን ወደ እኔ ልታዞረው ስትል እህቴ «ተይ፣ እሷን አላናግርም» አለች። ምስሉ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ እናቴ የምትሄደው ወደ አከራዬ በረንዳ ሆነ። ሳቃቸውን ከክፍሌ ሆኜ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። እህቴ ስለ እኔ አትጠይቅም፤ እናቴም አትለምንልኝም። ጓደኛዬን አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋትና የደረሰብንን ስነግራት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን እንባዋ ሳይወርድ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ አልነገርኩሽም፤ አንቺም ለእህትሽ አልነገርሽም። ማን ማንን ይወቅሳል?» እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ግን አላስታረቀንም። ድሪዬን በሌላ ልጅ እጅ ላከችልኝ።

መልእክቱን ደጋግሜ ሳስበው የገባኝ ነገር አለ። ሌባው ኽምጣኛ አይችልም ነበር። ጓደኛዬ ለእኔ ከላከቻቸው የድሮ መልእክቶች ሰላምታዋን ቀድቶ ከላይ ለጠፈው እንጂ። ከሰላምታው በታች አንድም የኽምጣኛ ቃል አልነበረም። አንዲት ጥያቄ በኽምጣኛ ጠይቄያት ቢሆን ወይም ቤቷ ድረስ አሥር ደቂቃ ሄጄ ቢሆን፣ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። «ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው» የሚለው ቃል የተጻፈው ያቺን አሥር ደቂቃ እንዳልሄድ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ የዶርም ጓደኞቼን ሁሉ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል አስደርጌያቸዋለሁ። በማን ስልክ፣ በየት አገር አካውንታቸው እንደተከፈተ የሚያሳየውንም ዝርዝር ከፍተን አብረን አይተናል። አሁን «ፖሊሷ መጣች፤ ስልካችሁን አውጡ» እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ። ከእነሱ አንዷ አንድ ቀን ብትሰረቅ፣ ሳታፍር መጀመሪያ ለእኔ እንድትነግረኝ ነው የምፈልገው።

እህቴ የዘጋችብኝን ከፍታ የደወለችው ከክፍል ስወጣ ነበር፤ በአዲሱ ቁጥሬ። ከአዳራሹ ጀርባ ሄጄ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። በኽምጣኛ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። በኽምጣኛ መለስኩላት። መሃል ላይ ቃል ሲጠፋኝ አልረዳችኝም፤ እስካገኘው ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

«የድሮውን መልእክት ላጠፋው ብዬ እጄ እንቢ አለኝ» አለችኝ በኋላ። «የአራት ዓመት ወሬ ነው። ግን የት ላይ አንቺ እንደምታበቂ፣ የት ላይ እሱ እንደሚጀምር አላውቅም። ላንብብልሽ፤ አንቺ ለዪልኝ።»

ማንበብ ጀመረች፤ አማርኛውን ቃል በቃል እየቆጠረች።

«‘ፈተናው ከባድ ነበር፣ ግን ሠርቻለሁ።’»

«እኔ ነኝ።»

«‘ለሻደይ ቀሚስ አሰፋሁ፤ ፎቶ እልክልሻለሁ።’»

«እኔ ነኝ።»

«‘እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ? ብቻሽን እዚያ ስትለፊ ሁልጊዜ አስብሻለሁ። ካለ አንቺ ማን አለን?’»

«ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችው።

«ይሄስ?»

«እሱ ነው።»

ከወዲያ በኩል የሕፃን ለቅሶና የሣህን ድምፅ ይሰማል።

«እሱን ደጋግሜ ሳነበው ነበር» አለችኝ። «በአራት ዓመት እንደዚያ ብለሽኝ አታውቂም። ገንዘቡን ከመላኬ በፊት ሦስት ጊዜ አነበብኩት።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅር አለችኝ ብዬ መጻፍ አልችልም፤ አላለችም። «ቆይ» ብላ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። «አጠፋሁት። ያንቺንም የእሱንም። ከዛሬ ጀምሮ የምትጽፊልኝን በቋንቋችን ጻፊልኝ፤ ባይረዝምም ግድ የለም» አለችኝ። አሠሪዋ ስትጠራት ስልኩ ተዘጋ። ዕለቱ ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር።